ፍርስራሽ አልባው ተራራ

ከጎባ ወደ ማቹ ፒቹ የሚሄድ ሰው ውቅያኖስ መሻገር ብቻ ሳይሆን ቁልቁለት መውረድም አለበት። ጎባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,743 ሜትር ላይ ተቀምጣለች። በየቀን መቁጠሪያው ላይ ጭጋግ ለብሶ የምናየው የኢንካዎች የድንጋይ ከተማ ያለው ግን 2,430 ሜትር ላይ ነው። ሮቤ እንኳ፣ በስንዴ ማሳ መካከል ሜዳ ላይ የተንጣለለችው ሮቤ፣ 2,492 ሜትር ላይ ስለሆነች ማቹ ፒቹን በ62 ሜትር ትበልጣለች። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚያሻግረውን መንገድ ይዞ ሳነቴ አምባ ላይ የወጣ የጭነት መኪና ሾፌር ደግሞ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው የሚነዳው፤ የኢንካዎች ርዕሰ ከተማ የነበረችው ኩዝኮ፣ በ3,400 ሜትር ከፍታዋ፣ ከእሱ ብዙ ዝቅ ብላ ትቀራለች።

ኮሎምበስ ከመድረሱ በፊት ስለነበሩት የአሜሪካ ሥልጣኔዎች ሲተረክ አንባቢን አፍ የሚያስከፍተው አንዱ ነገር ከፍታው ነው። አየሩ በሳሳበት፣ ሌሊቱ ውርጭ በሆነበት ተራራ ላይ ሰው እንዴት ከተማ ሠራ? ለባሌ ሰው ከፍታ ብርቅ አይደለም፤ ገብሱን የሚዘራው፣ ፈረሱን የሚጋልበው እዚያው ላይ ነው። እሱ የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፦ የእኛስ ፍርስራሽ የታለ? አክሱም ሐውልት አላት፣ ላሊበላ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አላት፣ ጎንደር ግንብ አላት። ጎባ የሚደርሰው ጎብኚ የሚመጣው ቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን ለማየት ነው። ባሌ በትምህርት ቤት መጻሕፍታችን ውስጥም የእንስሳት አገር ነው፤ የጥንት ሰው አገር ሆኖ የሚነሳበት ገጽ የለም ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ድሬ ሼህ ሁሴንን የሚያነሳ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ልክም ነው። በምሥራቁ ቆላማ ወገን ያለው የሼህ ሁሴን መካነ መቃብርና በዙሪያው ያሉት ነጫጭ ግንቦች ለዘመናት የምእመናን መዳረሻ ሆነው ኖረዋል። ዐረቡ ጸሐፊ አል ዑመሪ በ14ኛው መቶ ዘመን ከኢፋት፣ ከደዋሮ፣ ከሐድያና ከሌሎቹ ጋር ከዘረዘራቸው ሰባት የእስልምና ግዛቶች አንዷ ባሊ ናት። ስለዚህ ባሌ የመንግሥት ታሪክ የላትም ማለት አይቻልም። ይህ ምዕራፍ ግን ከዚያ እጅግ ርቆ ይሄዳል፤ ከግንብ በፊት፣ ከመንግሥት በፊት፣ ከእርሻም በፊት ወደነበረው ዘመን።

በመጀመሪያ ግን ማቹ ፒቹ ራሱ ምን ያህል ጥንታዊ እንደሆነ እንይ። የተሠራው በ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ፣ በኢንካው ንጉሥ በፓቻኩቲ ዘመን ነው። እኛ ጋ ያኔ የነገሡት አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነበሩ። ላሊበላ ከማቹ ፒቹ በ200 ዓመት ገደማ ይቀድማል፤ አክሱምማ ከሺህ ዓመት በላይ። ለዓለም «ያገኘው» የዬል ዩኒቨርሲቲው መምህር ሂራም ቢንግሃም እ.ኤ.አ. በ1911 እዚያ ሲደርስ መንገዱን ያሳዩት የአካባቢው ሰዎች ሲሆኑ፣ በጥንቱ እርከን ላይ እያረሱ የሚኖሩ ገበሬዎችም አግኝቷል። ገበሬው የሚያርሰው ቦታ ካሜራ የያዘ ሰው ሲደርስ «ተገኘ» ይባላል፤ ይህ ነገር በእኛም አገር እንግዳ አይደለም። ሁለት ዓመት ቆይቶ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት አንድ ሙሉ እትም ሰጠው፤ ከዚያ ወዲህ የዓለም ዓይን «ጥንታዊ ሥልጣኔ» ሲባል የተጠረበ ድንጋይና የፈረሰ ግድግዳ መፈለግ ለመደ።

ይህ የለመደ ዓይን ባሌ ላይ ሲደርስ ይሳሳታል፤ ያውም ሁለት ጊዜ።

ሳነቴ ላይ በደቡብ በኩል ባሉ ተዳፋቶች ላይ ትላልቅ ድንጋዮች በረድፍ በረድፍ ተደርድረው ይታያሉ። አንዳንዱ ረድፍ እስከ 1,000 ሜትር ይረዝማል፣ እስከ 15 ሜትር ይሰፋል፣ እስከ 2 ሜትር ይጠልቃል። በረድፎቹ መካከል ሣርና ቁጥቋጦ የበቀለበት አፈር አለ። ከላይ በሰው አልባ አውሮፕላን ሲታይ ግዙፍ ትልም፣ ወይም ደግሞ የሆነ የጠፋ ሕዝብ የሠራው መንገድ ይመስላል። አንዲስ ላይ ቢሆን ኖሮ ምን ያህል ተረት ይፈጠርለት እንደነበር መገመት አያዳግትም። ነገር ግን የሰው እጅ አልነካውም። የደረደረው ብርድ ነው። መሬቱ እየረጋና እየቀለጠ ሲመላለስ ድንጋዩን ከአፈሩ እየለየ ወደ ጎን ይገፋዋል፤ ይህ በብዙ ሺህ ዓመት ሲደጋገም ረድፍ ይሠራል። የበርን ዩኒቨርሲቲው አሌክሳንደር ግሮስና ባልደረቦቹ እንዳሰሉት ዛሬ የአምባው አፈር አማካይ ሙቀት 11 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ እነዚያ ረድፎች እንዲፈጠሩ ግን ወደ ዜሮ መጠጋት ነበረበት።

ሁለተኛው ሶፍ ዑመር ነው። የወይብ ወንዝ ከባሌ ተራሮች ተነስቶ ወደ ምሥራቅ ወርዶ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሰርስሮ የገባበት ይህ ዋሻ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ውስጡ ከጣሪያ እስከ ወለል በቆሙ ዓምዶች የተሞላ፣ ቅስት ያለው፣ አዳራሽ ያለው ስለሆነ የሰው ግንበኛ ያነጸው ይመስላል። ያነጸው ውኃ ነው። ሼህ ሶፍ ዑመር ተጠልለውበታል ተብሎ የሚከበር ቅዱስ ስፍራ መሆኑ ደግሞ ሌላ የራሱ ታሪክ ነው።

በባሌ እንግዲህ ፍርስራሽ የሚመስለው ነገር ፍርስራሽ አይደለም። የእውነተኛው የሰው ኑሮ ፍርስራሽ ደግሞ ፍርስራሽ አይመስልም፤ አመድ፣ የከሰለ አጥንትና እበት ነው። ብዙ ሰው ሳያየው ያለፈውም ለዚህ ይመስለኛል።

እንዲህ ያለ ፍርስራሽ ያለበት አንድ ቦታ ፊንጫ ሃበራ ይባላል። በወይብ ሸለቆ፣ ዲንሾ ካለው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት በስተደቡብ፣ 3,469 ሜትር ላይ ያለ የአለት ጥላ ነው። ከኩዝኮ ጋር በአንድ ደረጃ ማለት ነው፤ እንዲያውም ትንሽ ይበልጣል። በአቅራቢያው ወንዙ በፏፏቴ ይወርዳል። የአለቱ ግንባር ወደ ውጭ ስለወጣ ከሥሩ ዝናብ የማይደርስበት ደረቅ ወለል አለ። በባሌ ደጋ እንዲህ ያሉ የአለት ጥላዎች ብዙ ናቸው፤ እረኞች ከከብቶቻቸው ጋር ያድሩባቸዋል፣ ከዝናብ ያመልጡባቸዋል። ከብቱን በወቅት በወቅቱ ከቆላ ወደ ደጋ እያመላለሱ ለግጦሽና ለሆራ ውኃ የሚያደርሱበት ጎዳንቱ የሚባለው የባሌ ሥርዓት እነዚህን ጥላዎች ሳያስገባ አይታሰብም። ስለዚህ የፊንጫ ሃበራ ወለል የላይኛው ንብርብር የተረገጠ እበት ነው። አንድ ጎብኚ አፍንጫውን ይዞ ቢያልፈው አይፈረድበትም።

የጀርመን፣ የስዊዘርላንድና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጡትን ጨምሮ፣ አላለፉትም። እበቱን ገፍፈው ወደ ታች ሲወርዱ ከእሱ በጣም የራቀ ዘመን ገጠማቸው። የምድጃ ቅሪት፣ የተቃጠለ አጥንት፣ በባልጩት የተሠራ የድንጋይ መሣሪያ፣ ደርቆ የቆየ ዓይነ ምድር። ውጤቱ በነሐሴ 2019 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ወጣ፤ የጽሑፉ ቀዳሚ ደራሲ የኮሎኝ ዩኒቨርሲቲው አርኪዮሎጂስት ጎትዝ ኦሰንዶርፍ ነበር። እዚያ ጥላ ሥር ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ ደጋግመው ኖረዋል። ጥናቱ ሲታተም ሰው በእንዲህ ያለ ከፍታ ላይ ሰንበት ብሎ ስለመኖሩ በዓለም ላይ ከታወቁት ማስረጃዎች ሁሉ ቀዳሚው ሆኖ ተቆጠረ።

47,000 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? ማንኛውም ሕይወት ያለው ነገር በሕይወት ሳለ ካርቦን 14 የሚባል ቀስ እያለ የሚፈርስ የካርቦን ዓይነት በውስጡ ይይዛል፤ ሲሞት መጨመሩ ይቆማል፣ መፍረሱ ይቀጥላል። በየ5,730 ዓመቱ የቀረው በግማሽ ይቀንሳል። አንድ ከሰል ወይም አጥንት ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ ተለክቶ እንጨቱ ወይም እንስሳው መቼ እንደሞተ ይታወቃል። ነገር ግን 50,000 ዓመት ሲጠጋ የሚቀረው እጅግ ጥቂት ስለሚሆን መለኪያው ከዚያ ወዲያ አይሠራም። የፊንጫ ሃበራ የታችኛው ዕድሜ እንግዲህ በዚህ መለኪያ ጠርዝ ላይ ያለ ነው።

እኔን በጣም የሚስበኝ ግን ምድጃው ላይ የበሰለው ነገር ነው። ከአጥንቱ የሚበዛው የአንድ እንስሳ ነው፤ የግዙፉ ፍልፈል። ይህ ፍልፈል ከባሌ ተራሮች በቀር በምድር ላይ የትም አይገኝም። እስከ 1 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ኑሮው ከመሬት በታች ነው። ሣር ለመቃረም ከጉድጓዱ አንገቱን ብቅ ያደርጋል፣ በአፉ የሚደርስበትን ይለቅማል፣ ተመልሶ ቀዳዳውን በአፈር ይደፍናል። ቀይ ቀበሮ ዛሬም የሚኖረው በዋናነት እሱንና ሌሎች አይጦችን አድብቶ በመያዝ ነው። ከ40,000 ዓመት በፊት ሰውም በዚያው ማዕድ ላይ ተቀምጦ ነበር። ትልልቅ አውሬ ለማባረር አየሩ የሳሳ ከሆነ፣ ጉድጓዱ የሚታወቅ፣ ሩቅ የማይሄድ፣ ሥጋው የሰባ እንስሳ ከበቂ በላይ ነው። አጥንቱ ላይ ያለው የእሳት ምልክት ጠብሰው ይበሉት እንደነበር ያሳያል። ስለ ጥንታዊ አዳኞች ስናስብ ጦር ወርውረው ጎሽ የሚጥሉ ጎረምሶች ይታዩናል፤ የፊንጫ ሃበራው አዳኝ ግን ምናልባት አብዛኛውን ቀን ጉድጓድ አፍ ላይ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ትዕግሥተኛ ሰው ነበር።

መሣሪያው የተሠራበት ባልጩት ሌላ ታሪክ ይነግረናል። ባልጩት እሳተ ገሞራ የተፋው ድንጋይ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር ጥቁር መስታወት ነው፤ ሲፈለጥ ስለቱ ከምላጭ አይተናነስም። በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች መጠን ከተራራ ተራራ ይለያያል፤ ሚጥሚጣና ኮረሪማው በየቤቱ እየተለያየ የአንዱ ቤት በርበሬ ከጎረቤቱ እንደሚለይ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ የባልጩት ስንጥር ተመርምሮ የተፈለጠበትን ተራራ መለየት ይቻላል። የፊንጫ ሃበራው ባልጩት የመጣው ዋሳማ ከሚባለው ሸንተረር ላይ፣ ከ4,200 ሜትር በላይ ካለ ቦታ ነው። ሰዎቹ ከመጠለያቸው ተነስተው ከ700 ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣት ነበረባቸው። እዚያ ከፍታ ላይ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚገኘው ስድስት አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው።

ዋሳማ ደግሞ ያኔ ዛሬ የምናውቀው የጅብራና የአስታ ተራራ አልነበረም። የእነግሮስ ቡድን በበረዶ ተገፍተው የመጡ ቋጥኞች ላይ ባደረገው ምርመራ፣ ቋጥኙ ከበረዶው ሥር ወጥቶ ሰማይ ካየ ጀምሮ ከጠፈር የሚመጣ ጨረር በውስጡ የፈጠረውን ክሎሪን 36 በመለካት፣ የባሌ ተራሮች ላይ የበረዶ ግግር በብዛት የተስፋፋው ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት እንደሆነ አሳየ። ሙቀቱ ከዛሬው ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ያለ ነበር። የሰዎቹን ዘመንና የበረዶውን ዘመን አንድ ላይ ብናስቀምጣቸው ቢያንስ 10,000 ዓመት ይደራረባሉ። ባልጩት ሊያመጡ የወጡት ሰዎች የሚያልፉት በበረዶ ግግር አጠገብ ነበር።

ለምን ወጡ? ሳይንቲስቶቹ ሥራቸውን የጀመሩት ተራራው መሸሸጊያ፣ ማለትም የቆላው ድርቅ ሲበረታ ሰው የሚሰደድበት ቦታ ይሆን ወይ በሚል ጥያቄ ነበር። ሐሳቡ በእኛ አገር ሌላም ቦታ ተነስቷል፤ ወላይታ ዳሞታ ተራራ ላይ ባለው ሞቼና ቦራጎ ዋሻ ለዓመታት የቆፈረው ስቲቨን ብራንት የደቡብ ምዕራብ ደጋ በዚያ ደረቅ ዘመን ለሰው መጠለያ እንደነበረ ይከራከራል። ባሌ ላይ ይህ ሐሳብ ያስኬዳል፤ ቆላው ሲደርቅ ከበረዶው የሚቀልጠው ውኃ ዓመቱን ሙሉ አለ፣ ፍልፈሉ አለ፣ ባልጩቱ አለ። ይሁንና «መሸሸጊያ» የሚለው ነገር ለእኔ ሙሉ በሙሉ አይዋጥልኝም። ሸሽቶ የመጣ ሰው ችግሩ ሲያልፍ ይመለሳል። እነዚህ ሰዎች ግን በሺህ በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ እየደጋገሙ ሲመጡ፣ የባልጩቱን መገኛ ሲያውቁ፣ የፍልፈሉን ጠባይ ሲያጠኑ እናያቸዋለን። ይህ የስደተኛ ኑሮ አይመስልም፤ አገሩን የሚያውቅ ሰው ኑሮ ነው። በመካከል ቦታውን ጅብ ይወርሰው እንደነበር የጅብ ኩሱ ይመሰክራል፤ ከዚያ ሰው እንደገና ይመጣል።

የሰው ዓይነ ምድር መሆኑ እንዴት ታወቀ የሚል አንባቢ አይጠፋም። ሰው ሲበላ አንጀቱ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ኮሌስትሮልን ኮፕሮስታኖል ወደሚባል ቅባት ይለውጡታል፤ ሣር የሚያመሰኳ ከብት ደግሞ ከተክል የሚመጣ ሌላ ዓይነት ቅባት ያወጣል። እነዚህ ቅባቶች በደረቅ አፈር ውስጥ ለብዙ ሺህ ዓመታት ይቆያሉ። የሃለ ዩኒቨርሲቲው የአፈር ሳይንቲስት ብሩኖ ግላዘር ልዩ ሙያው ይህ ነው። በዚህም የላይኛው ንብርብር የከብት፣ የታችኛው የሰው እንደሆነ አፈሩን ብቻ በመመርመር መናገር ተቻለ። አንድ ቤተ መንግሥት ማን እንደሠራው በተቀረጸ ጽሑፍ ይታወቃል፤ እዚህ ምስክሩ የተቀመጠው በዚህ መልክ ነው።

አየሩ መሳሳቱን ሰውነት እንዴት ቻለው? እዚህ ላይ ከአንዲስ ጋር ያለው ንጽጽር በጣም ጠቃሚ ይሆናል። የአንዲስ ደገኞች ደማቸው ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢን ይበዛል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ጉዳቱ ግን ሲበዛ ደም ይወፍርና ራስ ምታት፣ ድካምና የልብ ሕመም ያመጣል፤ በፔሩው ሐኪም በካርሎስ ሞንጌ ስም የሚጠራው የተራራ በሽታ ይኸው ነው። የቲቤት ሰዎች ሌላ መንገድ አላቸው፤ ሄሞግሎቢናቸው አይጨምርም፣ በደማቸው ያለው ኦክስጅንም ዝቅ ያለ ነው፣ ግን ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካዊቷ ሲንቲያ ቢል ሰሜን ተራሮች ላይ በአምባራስ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምራ ሦስተኛ መንገድ አገኘች፤ ሄሞግሎቢናቸውም የኦክስጅን መጠናቸውም ባሕር ጠረፍ ላይ እንዳለ ሰው ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ የወጣ ጥናት ባሌ ከፍታ ላይ የሚኖሩ ኦሮሞዎችን ሲጨምር ግን ነገሩ ተወሳሰበ፤ የእነሱ ሄሞግሎቢን ከሰሜኖቹ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። በአንድ አገር ውስጥ ሁለት ተራራ፣ ሁለት የሰውነት መልስ። የፊንጫ ሃበራ ሰዎች የትኛውን ይዘው እንደነበር አጥንታቸው ካልተገኘ መናገር አይቻልም፤ ከዛሬ ነዋሪዎች ጋር የዘር ሐረግ እናገናኛቸው የሚል ሰው ካለም 31,000 ዓመት መሐል ላይ ተጋድሟል።

ወደ አንዲስ እንሻገር። በደቡብ ፔሩ፣ ፑኩንቾ በሚባለው ደጋ፣ 4,480 ሜትር ላይ ኩንካይቻ የሚባል የአለት ጥላ አለ። የባሌ ከፍተኛው ተራራ ከሆነው ከቱሉ ዲምቱ ጫፍ (4,377 ሜትር) ይበልጣል። ከርት ራደሜከርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 እንዳስታወቁት ሰዎች እዚያ ከ12,400 ዓመት በፊት ገደማ ጀምሮ ኖረዋል፤ ቪኩኛ የሚባለውን የግመል ዘመድ እያደኑ፣ እዚያው አካባቢ ከሚገኝ ባልጩት መሣሪያ እየሠሩ። ከፊንጫ ሃበራ ጋር ያለው መመሳሰል ያስደንቃል፤ የአለት ጥላ፣ ባልጩት፣ ቀዝቃዛ ደጋ፣ የአካባቢው አውሬ። የሚለያቸው ቀጥሎ የሆነው ነው። አንዲስ ላይ ከአዳኞቹ ወዲህ ያለው መንገድ ሳይቋረጥ ይታያል፤ ከቪኩኛና ከዘመዶቹ ላማና አልፓካ ተላመዱ፣ ድንች ተዘራ፣ ከዚያ ከ3,800 ሜትር በላይ በቲቲካካ ሐይቅ አጠገብ ቲዋናኩ የምትባል የድንጋይ ከተማ ቆመች፣ በመጨረሻም ኢንካዎች መጡ። ማቹ ፒቹ የዚህ ረጅም መንገድ የመጨረሻው ጫፍ ላይ ያለ ነው።

ሳነቴ ላይስ ከተማ ለምን አልቆመም? መልሱ ከሰው ችሎታ ይልቅ ከተራራው ስፋት ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። አንዲስ ላይ ከ3,500 ሜትር በላይ ያለው ምድር አገር የሚያክል ነው፤ ሐይቅ አለበት፣ የሚታረስ ሜዳ አለበት። ባሌ ላይ ያ ከፍታ አንድ አምባ ነው። የሚላመድ ላማም አልነበረም፤ ፍልፈል ደግሞ በረት ውስጥ አይገባም። ቀንድ ከብትና ገብስ ሲመጡ ከፍተኛው ደጋ የግጦሽና የሆራ ምድር ሆነ፣ ሰፈሩ ከታች ሆነ። ከታች ያለው የሲናናና የጋሰራ መሬት ደግሞ ዛሬ በትራክተር የሚታረስ፣ በኮምባይነር የሚታጨድ የስንዴ አገር ስለሆነ፣ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ የጥንት ቤት ምልክት ከዚያ ማሳ ውስጥ ይተርፋል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል።

የዕድሜ ጉዳይ ከሆነ ግን ባሌና አጎራባቹ አርሲ ማንንም አይፈሩም። ከሻሸመኔ ወደ ሮቤ በአውቶቡስ የሚመጣ መንገደኛ ዶዶላንና አዳባን ሲያልፍ በስተግራው የዋቢ ሸበሌ የላይኛው ተፋሰስ ይዘረጋል። እዚያ ገደብ በሚባለው ሜዳ ላይ ዴዝሞንድ ክላርክና ሂሮ ኩራሺና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ባደረጉት ቁፋሮ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው የእጅ መጥረቢያዎች አገኙ፤ ጥቂቶቹ ከስምጥ ሸለቆ በኩል የመጣ በሚመስል ባልጩት የተሠሩ ናቸው። ከዚያ ብዙ ሳይርቅ፣ የኃይል ማመንጫ ግድቡን ሁላችንም በምናውቀው በመልካ ዋከና፣ ተገኑ ጎሳና ኤሬላ ሆቨርስ የሚመሩት ቡድን 1.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወደ ኋላ የሚሄድ ተመሳሳይ መሣሪያ አግኝቷል። ሁለቱም ቦታዎች 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ከአዋሽ አጠገብ ካለው ከመልካ ቁንጥሬ ጋር ተደምረው የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፤ ደጋው የሰው ልጅ የመጨረሻ ምርጫ ነበር የሚለው አሮጌ ሐሳብ ኢትዮጵያ ውስጥ አይሠራም። በእርግጥ ከ2,300 ሜትር እስከ 3,469 ሜትር ያለው ርቀት ትልቅ ነው፤ ያንን የተሻገሩት የፊንጫ ሃበራዎቹ ናቸው።

በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ሪያድ ላይ በተደረገው ስብሰባ ዩኔስኮ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን በዓለም ቅርስነት መዘገበ። በዚያው ስብሰባ የጌዴኦ መልክዓ ምድርም ተመዝግቧል፤ ያ ግን በባህላዊ ቅርስነት፣ ባሌ በተፈጥሮ ቅርስነት። ምዝገባው ተገቢ ነው፤ ቀይ ቀበሮ በዚያ መጠን የትም የለም፣ ግዙፉ ፍልፈልም ከዚያ በቀር አይገኝም። ነገር ግን መዝገቡ ባሌን አሁንም የእንስሳት አገር አድርጎ አስቀምጦታል። የአለት ጥላዎቹን የሚጠብቅ ሰው መጀመሪያ እዚያ እበት ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ አለበት፤ አንድ እረኛ ለእሳቱ ወለሉን ቢቆፍር ወይም እበቱን ለማገዶ ቢጠርግ ምን እንዳበላሸ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፣ የነገረውም የለም። ጥናቱና ጥበቃው ከአካባቢው ነዋሪ ጋር ካልሆነ የትም አይደርስም።

ቀጥሎ መፈለግ ያለበትን የአንዲስ ቆፋሪዎች አስቀድመው አሳይተዋል። በፔሩ የፓስፊክ ጠረፍ ላይ፣ ኬብራዳ ሃጓይ በሚባል ቦታ፣ ዓሣ አጥማጆች ይኖሩበት ከነበረ ጥንታዊ ሰፈር ውስጥ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከደጋው የመጣ አልካ የሚባል ባልጩት ተገኝቷል፤ በዚህም የጠረፉና የተራራው ሰዎች ግንኙነት እንደነበራቸው፣ ምናልባትም ያው ሰዎች እንደነበሩ ታወቀ። የወይብ ወንዝ ፊንጫ ሃበራ አጠገብ አልፎ ወደ ሶፍ ዑመር ይወርዳል፤ ከውርጩ ደጋ እስከ ሞቃቱ ቆላ አንድ መንገድ ነው። በዚያ መንገድ ዳር ካሉት የታችኛው ሸለቆ ዋሻዎች በአንዱ የዋሳማ ባልጩት ቢገኝ፣ የፊንጫ ሃበራ ሰዎች በየወቅቱ ይወጡና ይወርዱ እንደነበር፣ ጎዳንቱም ከብት ከመላመዱ በፊት የተጀመረ መንገድ እንደሆነ መጠርጠር ይቻል ነበር። የዋሳማ ባልጩት የንጥረ ነገር ልክ ተመዝግቦ ስለተቀመጠ፣ ከታች የሚገኝ ማንኛውም ስንጥር ከእሱ ጋር ሊወዳደር ይችላል።